የብርድ ወራት አበባ በመስከረም ይዘራል

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በደጋው አገር የሚገኝ የጦር ሰፈር ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ማንም ሳይደክምበት ያጌጣል። ከአጥሩ ሥር፣ ከቦዩ ዳር፣ ከሰልፍ ሜዳው ጠርዝ አደይ አበባ ይፈነዳል፤ ሕፃናትም እቅፍ እቅፍ እየለቀሙ ወደ ቤት ያስገባሉ። ይሁን እንጂ ይህ ጌጥ ዕድሜው አጭር ነው። ጥቅምት ሲጋመስ አደይ ይረግፋል፤ ሣሩ ይገረጣል፤ ኅዳር ሲገባም ግቢው እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ራቁቱን ይቀራል። በዚህ ወቅት ብዙ ባለትዳሮች፣ «ብርዱ ነው እንጂ እኛስ አበባ መትከል መች ጠላን?» ሲሉ ይሰማሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብርዱ የሚስማማቸው አበቦች መኖራቸውን፣ ነገር ግን በብርዱ ወራት ለማየት የሚሻ ሁሉ ዘራቸውን ገና አደይ ሳይረግፍ መሬት ማስያዝ እንዳለበት ለማስረዳት ነው።

የአንዲት ጎረቤት ገጠመኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኝ አንድ ሰፈር ከድሬዳዋ የመጣች የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ጎረቤታችን ነበረች። ባለቤቷ በጠረፍ ግዳጅ ላይ ነበር። ለገና በዓል ፈቃድ እንደሚያገኝ ስለ ጻፈላት፣ እርሷም ደጃፏን አስጊጣ ልትቀበለው አሰበች፤ እናቷ ከድሬዳዋ የላኩላትን የዚኒያና የኮስሞስ ዘር በጥቅምት መጀመሪያ ዘርታ፣ ከሴት ልጇ ጋር ጠዋትና ማታ ውኃ እያጠጣች አሳደገችው። ችግኙም በሚያስደስት ሁኔታ ወጣ።

በኅዳር ወር አንድ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ሲያንጸባርቁ አደሩ። ሲነጋ ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጥቷል። ፀሐይ ወጥታ ረፋዱ ላይ የሴትዮዋ ችግኝ በሙሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠውልጎና ጠቁሮ ተገኘ። ልጅቱ አለቀሰች፤ እናቲቱም፣ «እጄ አይባርክም መሰለኝ፤ በዚህ አገር ምንም አይበቅልልኝም» ብላ ዶማዋን ወረወረች።

ይህን የሰሙ በዚያው ሰፈር አጠገብ የሚኖሩ የአንድ ጡረተኛ ሻለቃ ባሻ ባለቤት መጥተው መደቡን ተመለከቱና፣ «እጅሽስ ምንም አላጠፋም፤ ልጄ» አሏት። «የቆላ ልጅ አምጥተሽ በኅዳር ውርጭ ያለ ጋቢ አስተኛሽው። ለከርሞ የደጋውን ልጅ ዝሪ፤ እሱንም በጊዜው።»

ውርጭ ከየት ይመጣል?

የሴትዮዋ አነጋገር ከአየር ጠባይ ዕውቀት ጋር የሚስማማ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ይዞ ያቆይላታል። ክረምቱ አብቅቶ ሰማዩ ከደመና ሲጸዳና አየሩ ሲደርቅ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። በተለይም ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከንጋት በፊት ያለው ሰዓት እጅግ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ሥፍራ ይወርዳል፤ ከዚህም የተነሣ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ በረባዳው ላይ ያለው ግቢ በውርጭ ሲመታ በተዳፋቱ ላይ ያለው ሊተርፍ ይችላል።

የቦታው ከፍታም ታላቅ ለውጥ ያመጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በዚህ ሒሳብ ወደ 10 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። በደብረ ብርሃን በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በድሬዳዋ ይህ አይታሰብም። እንግዲያው በአንዱ አገር የለመለመው ዘር በሌላው ቢጠፋ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ዳህሊያና ይህን የመሳሰሉት ከሞቃት አገር የመጡ በመሆናቸው በውስጣቸው ያለው ውኃ ሲረጋ ሕዋሳቸው ይፈርሳል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸውም ይጠቁራሉ። ብርድ የሚስማማቸው አበቦች ግን ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ ሲመጣ በሕዋሳቸው ውስጥ ስኳር ያከማቻሉ፤ ስኳር ያለበት ውኃ ደግሞ ከንጹሕ ውኃ ይልቅ ዘግይቶ ይረጋል። ስለሆነም ቀላል ውርጭ አይገድላቸውም። ነገር ግን ይህን ችሎታ የሚያገኙት ብርዱን አስቀድመው ከለመዱት ብቻ ነው። ሥር ያልያዘና ብርድ ያልለመደ ጨቅላ ችግኝ ዘሩ የደጋ ቢሆንም እንኳ ይጎዳል። በመስከረም መዘራት ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀዝቃዛ ሌሊት ለአበባ ሁልጊዜ ጠላት አለመሆኑን ከጽጌረዳ እርሻዎች መረዳት ይቻላል። በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ሆለታ ገነት ዛሬ ለውጭ ገበያ በሚቀርበው ጽጌረዳዋም ትታወቃለች። በደጋ የበቀለ ጽጌረዳ ከዝቅተኛው ሥፍራ ከበቀለው ይልቅ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የአበባው ራስ ግን ተለቅ ያለ ይሆናል። የእርሻዎቹ አበባ በላስቲክ ቤት የተጠለለ ቢሆንም፣ ብርዱ የሚያዘገየውን ያህል የሚያሳምር መሆኑን ያሳያል።

አምስቱ የደጋ ልጆች

የሚከተሉት አምስት አበቦች በአነስተኛ ግቢ በቀላሉ ሊለሙ የሚችሉ ናቸው። ስማቸው የተጻፈው በዘር ማሸጊያ ላይ በሚገኝበት አኳኋን ነው።

ካለንዱላ፦ ብርቱካንማና ቢጫ ቀለም ያለው ሲሆን አደይ የተወውን ቦታ ለመሙላት የሚወዳደረው የለም። ዘሩ የተቆለመመ በመሆኑ በቀላሉ ይለያል። በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቀብሮ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

ፓንሲ፦ አምስት ሰፋፊ ቅጠለ አበባ ኖሮት በመካከሉ ጠቆር ያለ ምልክት ስላለበት የሰው ፊት ይመስላል። ዘሩ ለመብቀል ጨለማና ቅዝቃዜ ይሻል፤ ስለዚህ በስሱ አፈር ተሸፍኖ እስኪበቅል ድረስ በጥላ ይቀመጣል። ለማበብ ከ12 እስከ 14 ሳምንት ይፈጃል።

ስናፕድራጎን፦ ቀጥ ባለ ግንድ ላይ ተደራርቦ የሚወጣ፣ ጎንና ጎኑን ሲጫኑት እንደ አፍ የሚከፈት፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት አበባ ነው። ዘሩ እንደ ትንባሆ ዘር የደቀቀ ነው። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር ሊደፋበት አይገባም፤ በእርጥብ አፈር ላይ በትኖ በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል። ችግኙ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉ ቢቀነጠብ ቅርንጫፉ ይበዛል። ከ14 እስከ 16 ሳምንት ይወስዳል።

አሊሱም፦ ከመሬት ከአንድ ስንዝር የማያልፍ፣ ነጭና ወይን ጠጅ ጥቃቅን አበባ ያለው፣ ማር ማር የሚሸት ተክል ነው። ለመደብ ጠርዝና ለመተላለፊያ ዳር ይስማማል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርሳል።

ስዊት ፒ፦ መዓዛው ደጃፍ ሙሉ የሚያውድ ሐረግ ሲሆን ከ12 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ዘሩ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ አድሮ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል፤ እስከ 2 ሜትር ስለሚወጣም ሸንበቆ ወይም ሲባጎ ያስፈልገዋል። ነገር ግን አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ይህ አበባ የጓያ ዘመድ ነው። ጓያ አዘውትሮ የተመገበን ሰው እግር እንደሚያሽመደምድ በአገራችን የታወቀ ነው፤ የስዊት ፒ ዘርም አተር ቢመስልም መርዝነት ያለው በመሆኑ አይበላም። ሕፃናት ባሉበት ቤት ዘሩ ከእጃቸው ይራቅ፤ ፍሬውም ሳይደርቅ ይቀንጠስ። ይህን ጥንቃቄ ለማድረግ የማይመቸው ቤተሰብ አራቱን ብቻ ቢተክል ይሻላል።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር

ለገና የሚደርስ አበባ የሚሻ ሰው ከገና ወደ ኋላ መቁጠር አለበት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው ጊዜ 118 ቀን ነው። ከአምስቱ የሚዘገየው ስናፕድራጎን 16 ሳምንት ማለትም 112 ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ የሚተርፈው ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። የብርዱ ብርታት ደግሞ እድገቱን ያዘገየዋል። ስለሆነም ስናፕድራጎንና ፓንሲ በጳጉሜን ወይም በመስከረም የመጀመሪያ ቀናት፣ ስዊት ፒ በመስከረም አጋማሽ፣ ካለንዱላና አሊሱም እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ቢዘሩ ይመረጣል። ኅዳር ከገባ በኋላ በደጋ ዘር መጀመር ድካም ብቻ ነው።

ውርጭ በማይደርስበት ቆላና ወይና ደጋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ነገሩ ይለያል። በዚያ ሥፍራ ካለንዱላና አሊሱም ሙቀቱ ጋብ በሚልበት በጥቅምት መጨረሻ ቢዘሩ ያምራሉ፤ ሙቀቱ ሲመለስም ያልቃሉ።

መደቡን ማዘጋጀት

ዘሩ መጀመሪያ በጣሳ ወይም በአሮጌ ቆርቆሮ ይዘራል። የጣሳው ቂጥ በምስማር ከአምስት ስድስት ቦታ ይበሳ። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ የፈላ ውኃ ይፈስስበትና እስኪበርድ ይቆያል፤ ይህም ጨቅላውን ችግኝ ከሥሩ አጠውልጎ የሚጥለውን ሻጋታ ያጠፋል። ውኃ ማብዛትም ይህኑ በሽታ ስለሚያመጣ አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ መሆን የለበትም።

ችግኙ ከአራት እስከ ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ መደብ ይዛወራል፤ ስዊት ፒ ግን ሥሩ ሲነካ ስለማይወድ በቀጥታ በመደቡ ላይ ቢዘራ ይሻላል። ብዙው የደጋ አፈር መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። የእነዋሪ ገበሬ በመረሬው መሬት ላይ ከፍ ያለ መደብ አውጥቶ ትርፉን ውኃ በቦይ እንደሚሸኝ ሁሉ፣ የአበባውም መደብ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ፍግ ከተገኘ ይጨመር፤ ፍጉ ለማገዶ በሚፈለግበት ቤት የጓዳ ጥራጊና የደረቀ ቅጠል ተከምሮ የበሰበሰው ይተካዋል። በባሕር ዛፍ ሥር ግን መደብ ማውጣት ከንቱ ነው፤ ዛፉ ውኃውን ሁሉ ይጠጣዋል። ፓንሲ በ20፣ ስናፕድራጎን በ25፣ ካለንዱላ በ30፣ አሊሱም በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከላሉ።

መሬት የሌለው ቤተሰብ ንብረት ክፍል ያስወገደውን ባዶ የእንጨት ሣጥን አስፈቅዶ ሊጠቀም ይችላል። ጎመንና ሰላጣ የሚተክልም አበባውን በጠርዙ ቢያዞር መሬቱ ለሁለቱም ይበቃል። በዶሮ በኩል ግን ቸል ሊባል አይገባም፤ ውርጭ የማረውን ችግኝ ዶሮ በአንድ ጠዋት ትጨርሰዋለች። ዙሪያውን እሾህ ማጠር መድኃኒቱ ነው።

ውኃና ልባስ

በበጋ የሰፈሩ ቧንቧ ለሁሉም የተመደበ በመሆኑ አበባ የሚያጠጣ ሰው ከጎረቤቱ እንስራ መቀማት የለበትም። አትክልትና እህል የታጠበበት ውኃ ለዚህ ጉዳይ ፍጹም ተስማሚ ነው፤ በረኪና ወይም ብዙ ሳሙና ያለበት ግን አይሆንም። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ 10 ሊትር ውኃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። የሚጠጣውም ጠዋት ነው፤ ማታ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ቢያድር ለብርዱና ለሻጋታ ይጋለጣል።

ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባቆመ ምሽት ውርጭ እንደሚመጣ ይገመታል። የዚያን ዕለት ጠዋት መደቡን ማጠጣት ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና። ሲመሽ አራት ዱላ ተክሎ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ ቅጠሉን ሳይነካ መዘርጋት፣ ፀሐይ ሞቅ ስትልም ማንሣት ያስፈልጋል። ይህ ድካም በብዛት የሚያስፈልገው ችግኙ በተዛወረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተክሉ ራሱን ይችላል። አልፎ አልፎ ክሽክሽ ቢታይበት ቀጭን የሳሙና ውኃ መርጨት ይበቃዋል። የጠወለገውን አበባ ሁሉ ቶሎ ቶሎ መቅጠፍም ሊዘነጋ አይገባም፤ ተክሉ ዘር ከያዘ ማበቡን ያቆማልና።

የዘገየው ፈቃድ

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ሃምሳ አለቃው በዚያ ዓመት ለገና መጥቶ ባዶውን መደብ አይቶ ሄደ። ባለቤቱ ግን የእትዬን ምክር አልረሳችም። በሚቀጥለው ጳጉሜን ጣሳዎቿን በስታ፣ በመስከረም 1 ቀን ልጇ አበባየሆሽ ጨፍራ ስትመለስ የፓንሲውንና የስናፕድራጎኑን ዘር አብረው ዘሩ። በጥቅምት አጋማሽ አዛወሩት፤ በኅዳር ሌሊቶች እትዬ በሰጧት አሮጌ ጋቢ ጭምር ሸፈኑት። ታኅሣሥ ሲገባ ካለንዱላው ፈነዳ፤ ፓንሲው ተከተለ፤ ለገና ዋዜማም ስናፕድራጎኑ እምቡጡን ገለጠ።

በዋዜማው ግን የሃምሳ አለቃው መልእክት መጣ፤ ፈቃዱ ተላልፏል፤ መቼ እንደሚለቀቅም አልታወቀም። ጥምቀትም ያለ እሱ አለፈ። ልጅቱ በየጠዋቱ አበባው መርገፍ አለመርገፉን ስትመለከት ትውል ነበር።

የብርድ ወራት አበባ ዋነኛ ጥቅሙ የታየው በዚህን ጊዜ ነው። እነዚህ ተክሎች ለአንድ ሳምንት ደምቀው የሚጠፉ አይደሉም። የጠወለገው እየተቀጠፈላቸው ውኃ እስካገኙ ድረስ የሚያቆማቸው ብርዱ ሳይሆን የመጋቢት ሙቀት ነው። ሃምሳ አለቃው በየካቲት የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ ደጃፉ ሙሉ አበባ ነበር። ልጁም እጁን ይዛ ወስዳ የስናፕድራጎኑን አፍ እንዴት እንደምትከፍት አሳየችው።

በመጋቢት ከየዓይነቱ ጥቂቱን አበባ ሳይቀጥፉ ለዘር ተዉት፤ ሲደርቅም አራግፈው በወረቀት ፖስታ አስቀመጡት። በሰኔ የዝውውር ትእዛዝ ወጣ። የወታደር ቤተሰብ በመስከረም የዘራውን በታኅሣሥ ስለ ማየቱ ማንም ዋስትና አይሰጠውም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እርሷ ግን ግማሹን ዘር ይዛ፣ ግማሹን በአራት ፖስታ ለያይታ በመስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። በእያንዳንዱም ላይ የአበባውን ስም፣ ዘሩ የተሰበሰበበትን ወርና የሚዘራበትን ቀን ጽፋበታለች። ተተክቶ የገባው ቤተሰብ ከደቡብ የመጣና ለብርዱ እንግዳ ነበር፤ በታኅሣሥ በዚያ ቤት በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ግን ደጃፉ ያበበ ሆኖ አግኝቶታል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ጣሳውና ምስማሩ በየቤታችሁ አለ። ዘር ያለው ለጎረቤቱ ያካፍል፤ የሌለው ከወዲሁ ይጠይቅ። የሚዘራበት ቀን አንዴ ካለፈ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው።